ፕላናር ማግኔቲክ ሄድፎንን በስፒከር አምፕሊፋየር ማሠራት፦ ከሒሳቡ እስከ ገመዱ

አብዛኞቹ ፕላናር ማግኔቲክ ሄድፎኖች የስፒከር አምፕሊፋየር አያስፈልጋቸውም። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ጥቂቶቹን፣ ማለትም የተለመደው የሄድፎን አምፕሊፋየር ቮልዩሙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶም ሙዚቃው ሲያይል አቅም የሚያጥራቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ገበያ ላይ የዋለው የሃይፊማን ኤችኢ-6 እና በ2017 የመጣው የዚያው ኩባንያ ሱስቫራ የዚህ ወገን ዋና ምሳሌዎች ናቸው። ለእነዚህ የሚበቃ ኃይል ከስፒከር አምፕሊፋየር ማግኘት ቀላል ነው፤ ሥራው ያለው የተትረፈረፈውን በመግራት ላይ ነው፤ የሚከተለው ማብራሪያም አብዛኛውን ቦታ የሚሰጠው ለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ የሄድፎኑን ጠባይ በአጭሩ እንመልከት። በተለመደው ሄድፎን ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ ትንሽዬ ገለፈትን ይገፋል። በፕላናር ውስጥ ግን የኤሌክትሪክ መስመሩ በጣም ስስ በሆነ ጠፍጣፋ ገለፈት ላይ ተነጥፎ በማግኔቶች መስክ ውስጥ ይወጠራል፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ገለፈቱ በሙሉ ገጹ ይንቀሳቀሳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ያማሃ በ1976 ኤችፒ-1 የተባለውን ሄድፎን ያወጣው በዚሁ መንገድ ነበር። ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ የፕላናር ኢምፔዳንስ (ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው መቋቋም) ከወፍራሙ ድምፅ እስከ ቀጭኑ ድረስ እንደ ተራ ሬዚስተር አንድ ዓይነት ሆኖ መቆየቱ ነው። ሁለተኛው፣ አንዳንዶቹ ሞዴሎች ለተመሳሳይ ድምፅ ከሌሎች ሄድፎኖች በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል መጠየቃቸው ነው። የመጀመሪያው ጠባይ ኋላ ላይ ሬዚስተር ስንጠቀም ትልቅ ውለታ ይውልልናል።

ደረጃ 1፦ ከመግዛት በፊት ማስላት

ከሄድፎኑ መግለጫ ላይ ሁለት ቁጥሮችን ይፈልጉ፦ ኢምፔዳንሱን በኦም፣ እንዲሁም በ1 ሚሊዋት ምን ያህል ዴሲቤል እንደሚሰጥ። አንዳንድ አምራቾች ሁለተኛውን በሚሊዋት ፋንታ በ1 ቮልት ይገልጹታል፤ ሁለቱን ማምታታት ውጤቱን ከ10 ዴሲቤል በላይ ሊያዛባው ስለሚችል መለኪያውን በጥንቃቄ ያንብቡ።

ኤችኢ-6 50 ኦም ሲሆን በ1 ሚሊዋት 83.5 ዴሲቤል ይሰጣል። ሙዚቃው በድንገት ሲያይል፣ ለምሳሌ በከበሮ ምት ላይ፣ 110 ዴሲቤል እንዲደርስ ብንፈልግ የሚቀረን 26.5 ዴሲቤል ነው። ኃይል በየ10 ዴሲቤሉ አሥር እጥፍ ስለሚያድግ ይህ ወደ 447 ሚሊዋት (0.447 ዋት) ይመጣል። ዋቱን በኦሙ ስናባዛና የውጤቱን ስኩዌር ሩት ስንወስድ 4.73 ቮልት እናገኛለን፤ ይህንን ለ50 ስናካፍል ደግሞ የሚፈሰው ከረንት 95 ሚሊአምፔር ያህል ይሆናል። ሱስቫራ በ60 ኦምና በ83 ዴሲቤል ለዚያው ከፍታ 501 ሚሊዋት፣ ማለትም 5.5 ቮልት ገደማ ይጠይቃል። ለጥንቃቄ 5 ዴሲቤል ተጨማሪ ቦታ ይኑር ካልን ኤችኢ-6 ወደ 8.4፣ ሱስቫራ ወደ 9.8 ቮልት ይደርሳሉ።

አሁን በሌላው ወገን ያለውን እንይ። የሃይፊማን ሰንዳራ በ37 ኦምና በ94 ዴሲቤል መግለጫው 110 ዴሲቤል ለመድረስ የሚፈልገው 40 ሚሊዋት፣ ማለትም 1.2 ቮልት ብቻ ነው። የኦዴዚ ኤልሲዲ-2 በ70 ኦምና በ101 ዴሲቤል ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። የእነዚህ ባለቤት የሆነ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ቢሠራ የሚያተርፈው ጭረት መሰል የጀርባ ድምፅና የአደጋ ስጋት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ «ፕላናር ሁሉ ኃይል ይወዳል» የሚለውን ወሬ ከመከተል የራስን ቁጥር ማስላት ይሻላል። እንደዚሁም ያለዎት ባላንስድ (ለእያንዳንዱ ጆሮ የራሱ ሁለት ሽቦ ያለው) የሄድፎን አምፕሊፋየር በሄድፎንዎ ኢምፔዳንስ 8 ወይም 10 ቮልት የሚሰጥ ከሆነ ሥራው አስቀድሞ ተሠርቷል።

የስፒከር አምፕሊፋየሩን ቮልት ለማወቅ በመግለጫው ላይ ያለውን ዋት በ8 ኦም አባዝተው ስኩዌር ሩቱን ይውሰዱ። በ8 ኦም 50 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር እስከ 20 ቮልት ይወጣል፤ ያው ቮልት በ50 ኦም ላይ 8 ዋት ይሆናል። ስለዚህ የ100 ወይም የ200 ዋት አምፕሊፋየር መፈለግ ትርጉም የለውም፤ ከ20 እስከ 50 ዋት ያለው ትንሽ አምፕሊፋየር ከበቂ በላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግራ መጋባት አለ። ብዙ የቆዩ አምፕሊፋየሮች ከፊት ለፊታቸው የሄድፎን ቀዳዳ አላቸው፤ ባለቤቶቻቸውም «የስፒከር አምፕሊፋየር ሞከርኩ፣ ለውጥ የለውም» ይላሉ። በእነዚህ መሣሪያዎች ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ከስፒከር መውጫው የሚነሳው በ330 ኦም አካባቢ ባለ ሬዚስተር በኩል ነው። 20 ቮልቱ በ330 ኦሙና በ50 ኦሙ ሄድፎን መካከል ሲከፋፈል ለሄድፎኑ የሚደርሰው 2.6 ቮልት ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩ አቅም አለው፤ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። እኛ የምንጠቀመው ከኋላ ያሉትን የስፒከር መውጫዎች ነው።

ደረጃ 2፦ የአምፕሊፋየሩን ዓይነት መለየት

ለዚህ ሥራ ከሁሉም የምመርጠው ተራ የክላስ ኤቢ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ነው። 50 ኦም ለእርሱ ከባዶ መውጫ ብዙም ያልተለየ ቀላል ጭነት ስለሆነ ያለ ምንም ችግር ይሸከመዋል።

ክላስ ዲ አምፕሊፋየሮች (በፈጣን ማብራትና ማጥፋት የሚሠሩት) ርካሽና ትንንሽ በመሆናቸው ይስባሉ፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። በመውጫቸው ላይ ያለው ማጣሪያ በብዙዎቹ የተሰላው ለ4 ወይም ለ8 ኦም ስለሆነ፣ 50 ኦም ሲያገኝ ቀጭኑን ድምፅ ከመጠን በላይ ያጎላል። ለዚህ መፍትሔው በእያንዳንዱ ቻነል መውጫ ላይ፣ ከሄድፎኑ ጎን ለጎን፣ የ8 ኦም ሬዚስተር መጨመር ነው፤ አምፕሊፋየሩ ያኔ ወደ 7 ኦም የሚጠጋ ጭነት ያያል። ከማጣሪያው በኋላ ራሳቸውን የሚያርሙት፣ ለምሳሌ በሃይፔክስና በፑሪፋይ ሞጁሎች የተሠሩት፣ ይህ ችግር የለባቸውም። ሁለተኛው ነገር የምድር (ግራውንድ) ጉዳይ ነው፤ እርሱን በደረጃ 3 እናገኘዋለን።

የመውጫ ትራንስፎርመር ያላቸው የቫልቭ (የመስታወት ቱቦ) አምፕሊፋየሮች ከስፒከር ኢምፔዳንስ ጋር የሚመጣጠን ጭነት ካላገኙ ሊጎዱ ስለሚችሉ ጎን ለጎን የሚገባው የ8 ኦም ሬዚስተር ለእነርሱ ግዴታ ነው።

ጸጥታን በተመለከተ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በመውጫው 100 ማይክሮቮልት የጀርባ ድምፅ ያለው አምፕሊፋየር በኤችኢ-6 ላይ የሚያሰማው 16 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ይህ በጸጥተኛ ክፍል ውስጥ እንኳ አይሰማም። በኤልሲዲ-2 ላይ ግን 32 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ሌሊት ላይ በግልጽ ይሰማል። ከባድ ሄድፎን የአምፕሊፋየርን ጉድለት ይሸፍናል፤ ቀላሉ ያጋልጣል።

ደረጃ 3፦ አምፕሊፋየሩን መመርመር

ይህን ደረጃ መዝለል አይገባም። የሚያስፈልገው በባትሪ የሚሠራ ተራ ቴስተር ብቻ ነው።

ምንም ሳይሰካበት አምፕሊፋየሩን አብርተው አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ይሁን። ቴስተሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው የእያንዳንዱን ቻነል ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መውጫ ይለኩ። ከ20 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ጥሩ ነው፤ እስከ 50 ድረስም መታገሥ ይቻላል፤ ከ100 ሚሊቮልት ካለፈ ግን አምፕሊፋየሩ ባለሙያ ሳያየው ሄድፎን አይሰካበት። ስፒከር ይህን ያህል ዲሲ ሲያገኝ ብዙ ላይሰማው ይችላል፤ ስሱ የፕላናር ገለፈት ግን ከቦታው ተገፍቶ ይቀመጣል።

በመቀጠል አምፕሊፋየሩን አጥፍተው ከሶኬት ይንቀሉትና የግራውንና የቀኙን ኔጌቲቭ መውጫዎች በኦም መለኪያ ያነካኩ። ዜሮ አካባቢ ካሳየ ሁለቱ ኔጌቲቮች በውስጥ አንድ ምድር ይጋራሉ ማለት ነው። ካላሳየ አምፕሊፋየሩ ብሪጅድ ሊሆን ይችላል፤ ትንንሾቹ የክላስ ዲ አምፕሊፋየሮች አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው። በእነዚህ ላይ ኔጌቲቭ የተባለው መውጫ ምድር ሳይሆን ራሱም ቮልት የሚያወጣ ሁለተኛ መውጫ ነው። ሁለቱን ኔጌቲቮች የሚያገናኝ ተራ የስቴሪዮ ጃክ ቢሰካ የአምፕሊፋየሩ ሁለት መውጫዎች ሾርት ያደርጋሉ። አንዳንድ መደበኛ አምፕሊፋየሮችም አንዱን ቻነል ገልብጠው ስለሚያወጡ መፍትሔው ለሁሉም አንድ ነው፦ ምንጊዜም አራት የተለያዩ ሽቦዎችን እንጠቀማለን።

ደረጃ 4፦ ገመዱንና ማገናኛ ሣጥኑን መሥራት

የሄድፎኑ ገመድ ከሁለቱ ጆሮዎች የሚመጡ አራት ሽቦዎች እንዳሉት ያረጋግጡ። መጨረሻው ባለ 6.35 ሚሊሜትር ጃክ ከሆነ ተቆርጦ በባለ አራት እግር ወንድ ኤክስኤልአር (ክብ የድምፅ መሣሪያ ማገናኛ) መተካት አለበት፤ ገመዱን መቁረጥ ካላስደሰተዎት ሌላ ባላንስድ ገመድ ይግዙ። የእግሮቹ አቀማመጥ የታወቀ ነው፦ 1 የግራ ፖዘቲቭ፣ 2 የግራ ኔጌቲቭ፣ 3 የቀኝ ፖዘቲቭ፣ 4 የቀኝ ኔጌቲቭ። ቁጥሮቹ በራሱ በኤክስኤልአሩ ላይ በደቃቁ ተጽፈዋል፤ ከፊትና ከኋላ ሲታዩ ቅደም ተከተላቸው ስለሚገለበጥ በግምት ከመሄድ ቁጥሩን አንብቦ መሥራት ይሻላል።

በአምፕሊፋየሩ በኩል ሴት ኤክስኤልአር የተገጠመባት ትንሽ የብረት ሣጥን ያዘጋጁ። ከሣጥኗ የሚወጡት አራት ሽቦዎች ወደ ስፒከር መውጫዎች ይሄዳሉ፤ ጫፎቻቸው እርቃናቸውን ከሚቀሩ ሙዝ መሰል ስፒናዎች ይግጠሙላቸው፤ ምክንያቱም አንዲት የተበተነች የሽቦ ክር ከጎኗ ካለው መውጫ ጋር ከተነካካች አምፕሊፋየሩን ልታቃጥል ትችላለች። ሽቦው ወፍራም መሆን አያስፈልገውም፤ የሚያልፍበት ከረንት አነስተኛ ነው። ከአራቱ አንዱም የሣጥኗን ብረት መንካት የለበትም። ሥራው ሲያልቅ በኦም መለኪያ እያንዳንዱን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከዚያም እርስ በርስ ይፈትሹ። ሄድፎኑ ሲሰካ በግራ ሁለቱ ሽቦዎች መካከልና በቀኝ ሁለቱ መካከል የሄድፎኑ ኦም መታየት አለበት፤ በግራና በቀኝ መካከል ግን ምንም ግንኙነት መታየት የለበትም።

ደረጃ 5፦ ትርፉን በሬዚስተር መቀነስ

በስፒከር አምፕሊፋየር የሚያዳምጡ ሰዎች ሁሉ የሚያነሱት ቅሬታ አለ፦ ቮልዩሙ ገና ከመነካቱ ድምፁ ይጮኻል፣ በዚያ ዝቅተኛ ቦታም አንዱ ጆሮ ከሌላው ይበልጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የስፒከር አምፕሊፋየሮች ብዙውን ጊዜ የገባውን ቮልት ወደ 20 እጥፍ ያሳድጋሉ፤ ዲጂታል ምንጮች ደግሞ 2 ቮልት ያህል ይሰጣሉ። እኛ የምንፈልገው 5 ቮልት ከሆነ መግባት ያለበት ሩብ ቮልት ነው። ቮልዩሙ በዚህ የታችኛው ጫፍ ላይ ሲሠራ ሁለቱ ቻነሎች እኩል አይሄዱም።

ሁለት መንገዶች አሉ። ቀላሉ ከምንጩና ከአምፕሊፋየሩ መካከል 10 ወይም 20 ዴሲቤል የሚቀንስ ማዳከሚያ ማስገባት ነው፤ ይህ ቮልዩሙን ያስተካክላል፣ የአምፕሊፋየሩን የራሱን የጀርባ ድምፅ ግን አይነካም። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን፣ በመውጫው ላይ የሚሠራውን ነው። በማገናኛ ሣጥኗ ውስጥ በእያንዳንዱ ቻነል በፖዘቲቩ መስመር ላይ የ15 ኦም ሬዚስተር ይገባል፤ ከእርሱ በኋላ፣ በፖዘቲቩና በኔጌቲቩ መካከል፣ ከሄድፎኑ ጎን ለጎን የ4.7 ኦም ሬዚስተር ይቀመጣል። ለ50 ኦም ሄድፎን ይህ 13 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ አምፕሊፋየሩ የሚያየው ጭነት 19 ኦም አካባቢ ነው። የጀርባው ድምፅም በዚያው 13 ዴሲቤል ይወርዳል። ከሁሉም በላይ የ50 ዋት አምፕሊፋየር ቮልዩሙ በስሕተት እስከ መጨረሻ ቢከፈት እንኳ 20 ቮልቱ ለሄድፎኑ ሲደርስ 4.5 ቮልት ገደማ ብቻ ይሆናል። ለኤችኢ-6 ይህ ወደ 109.5 ዴሲቤል የሚጠጋ ጣሪያ ነው። ከዚህ በላይ ቦታ የሚፈልግ ወይም ሱስቫራ ያለው ሰው 15ቱን ወደ 10 ኦም ቢያወርደው ጣሪያው ወደ 6 ቮልት ይወጣል። ክላስ ዲ ወይም ቫልቭ ከሆነ ግን 8 ኦሙ እዚህም ይቀጥላል፤ ከ15 ኦሙ በፊት፣ ቀጥታ በአምፕሊፋየሩ መውጫ ላይ ይግባ።

ሬዚስተሮቹ የአሉሚኒየም ልባስ ያላቸው የ25 ዋት ዓይነት ሆነው በሣጥኗ ብረት ላይ በብሎን ቢታሰሩ ሙቀታቸው ይበተናል። ይህ ዘዴ በተለመደው ሄድፎን ላይ ቢሠራ የድምፁን ሚዛን ሊቀይር ይችል ነበር፤ የፕላናር ኢምፔዳንስ ግን ወጥ ስለሆነ የሚቀንሰው ሁሉንም ድምፅ እኩል ነው።

ማዳከሚያ የማይፈልግ ሰው ቢያንስ በእያንዳንዱ ቻነል ላይ የ250 ሚሊአምፔር ፈጣን ፊውዝ ያስገባ። ኤችኢ-6 በ115 ዴሲቤል እንኳ የሚስበው 168 ሚሊአምፔር ነው፤ የአምፕሊፋየሩ ትራንዚስተር ተበላሽቶ 35 ቮልት ዲሲ ቢለቅ ግን 700 ሚሊአምፔር ይፈስሳል፤ ሄድፎኑ ላይ የሚያርፈውም ከ24 ዋት በላይ ነው። ፊውዙ የመዳን ዕድል ይሰጣል፤ ያለ ፊውዝ ግን መስመሩ ይቃጠላል።

ደረጃ 6፦ የቮልዩሙን ጣሪያ ማግኘት

ሄድፎኑን ገና አይሰኩ። በኤክስኤልአሩ 1ኛና 2ኛ እግሮች መካከል የ47 ኦም የ10 ዋት ሬዚስተር ያገናኙ፤ እርሱ ሄድፎኑን ይተካል። ከኮምፒውተር ወይም ከስልክ ላይ የ60 ኸርዝ ንጹሕ ድምፅ በሙሉ ዲጂታል ከፍታ ያጫውቱ፤ ርካሽ ቴስተሮች ቀጭን ድምፅን በትክክል ስለማይለኩ ወፍራሙን መምረጥ አስፈላጊ ነው። ቴስተሩን በኤሲ ቮልት ላይ አድርገው ቮልዩሙን ከዜሮ በዝግታ ያሳድጉ። ንባቡ ለሄድፎንዎ ያሰሉት ቮልት ላይ፣ ለኤችኢ-6 በ4.7 አካባቢ፣ ሲደርስ ያቁሙና በቮልዩሙ ዙሪያ በነጭ ፕላስተር ምልክት ያድርጉ። በማዳከሚያው ምክንያት 4.7 ላይ ሳይደርስ ቮልዩሙ ካለቀ ጣሪያው በራሱ ተሠርቷል። ቀኙን ቻነልም በ3ኛና በ4ኛ እግሮች ይድገሙት፤ በዚያው የቮልዩም ቦታ ሁለቱ ንባቦች ከአሥር በመቶ በላይ ከተራራቁ የቻነሎቹ ሚዛን ችግር አለበት።

ይህ ምልክት የድንገተኛ ከፍታዎች ጣሪያ ነው፤ የማዳመጫ ቦታ ግን ከዚያ በታች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው መጠን 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ የፕላናር ድምፅ ሲጮኽም ስለማይሻክር ከፍታው ሳይታወቅ ያልፋል።

ደረጃ 7፦ የየዕለቱ አጠቃቀም

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ምንጩን ያብሩ፣ ቮልዩሙን ዜሮ ያድርጉ፣ አምፕሊፋየሩን ያብሩ፣ የመከላከያ ሪሌይ ካለው ቀጭ እስኪል ይጠብቁ፣ ከዚያ ሄድፎኑን ይሰኩ። ሲያጠፉ ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ የሚነቀለው ሄድፎኑ ነው። ምንጩ ኮምፒውተር ከሆነ የማሳወቂያ ድምፆችን ይዝጉ፤ በሙሉ ከፍታ የሚመጣ አንድ ጥሪ ጆሮን ያስደነግጣል።

ሀገር ቤት ላሉ አንባቢዎች ሁለት ነገር መጨመር ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩ ባለበት ቮልዩም ይቆማል፤ ሲመለስም በዚያው ላይ ይነሣል፤ ሪሌይ የሌለው አምፕሊፋየር በሁለቱም ጊዜ ጉልህ የሆነ ጡጫ በሄድፎኑ ላይ ያሳርፋል። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ ሄድፎኑን መንቀልና የአምፕሊፋየሩን ማብሪያ መዝጋት ልማድ ይሁን፤ አምፕሊፋየሩ ትንሽ ስለሆነ ተራ የኮምፒውተር ዩፒኤስም ሊይዘው ይችላል። ሁለተኛው፣ ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣው አምፕሊፋየር ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ 220 ቮልት ላይ ቀጥታ ከተሰካ በቅጽበት ይቃጠላል። ከኋላው የቮልት መምረጫ ካለው ያስተካክሉት፤ ከሌለው በመግለጫው ላይ ከተጻፈው የዋት ፍጆታ የሚበልጥ አቅም ያለው ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ትራንስፎርመሩ ራሱ ጉም የሚል ድምፅ ስላለው ከማዳመጫው ቦታ ይራቅ።

በመጨረሻም በማገናኛ ሣጥኗ ላይ የትኛው ሄድፎን እንደሚሰካባትና የሬዚስተሮቹን ዋጋ በጉልህ ይጻፉ። ባለ አራት እግር ኤክስኤልአር ያለው ሄድፎን ሁሉ ይገባባታል፤ ከእናንተ በኋላ የሚሰካው ሰው ግን የያዘው ኤልሲዲ-2 ሊሆን ይችላል።